በጎንደር አንድ ቀን፡- ከደብረ ብርሃን ሥላሴ እስከ ብራና ፋቂው ደጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጎንደርን ለመሳለምና ለመጎብኘት አንድ ቀን ብቻ ያለው ምእመን ብዙውን ጊዜ ጉዞውን ከነገሥታቱ ግቢ ይጀምራል። ይሁን እንጂ ቀኑ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቢጀመር ይመረጣል። ማለዳ ጎብኚ ሳይበዛ፣ ጸሎተ ኪዳኑ እንደ ተፈጸመ የገባ ሰው ሥዕሎቹን የሚያያቸው ከተሣሉለት አገልግሎት ጋር ነው።

ደብሩን የመሠረቱት ከ1674 እስከ 1698 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ናቸው። የመጀመሪያው ሕንፃ ክብ ነበር፤ በመብረቅ ከጠፋ በኋላ ዛሬ የምናየው ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ተተክቶለታል። የቅጽሩ 12 ክብ ግንቦች የ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ መሆናቸውን አባቶች ያስተምራሉ። በጣሪያው ላይ በረድፍ የተሣሉትን መላእክት ፎቶግራፍ አንሥቶ ብቻ መውጣት ግን ያስቆጫል። በመቅደሱ ፊት ካለው ከሥላሴና ከስቅለት ሥዕል ጀምሮ ግድግዳው ሁሉ ፊደል ላልቆጠረ ምእመን የተዘጋጀ ትምህርት ነውና ቀስ ብሎ መመልከት ይገባል። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህ ደብር ተርፏል፤ ንብ ተነሥቶባቸው እንደ ሸሹ በትውፊት ይነገራል።

ስለ ነገሥታቱ ግቢ አስጎብኚዎች አብዝተው ስለሚናገሩ እኛ እናሳጥራለን። ዐፄ ፋሲል በአባታቸው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከተነሣው የሃይማኖት ሁከት በኋላ ተዋሕዶን መልሰው ያጸኑ ንጉሥ ናቸው፤ ከተማይቱንም በ1628 ዓ.ም. ቆረቆሩ። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አዳራሾቹ ዛሬ ባዶ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የፋሲል መዋኛ ግን ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ ውኃ እየተሞላ እስካሁን ያገለግላል።

ከሰዓት በኋላ ወደ እጅ ጥበብ ሥራ እንለፍ። ብራና ፋቂው የፍየሉን ቆዳ በውኃ ይዘፈዝፋል፣ በእንጨት ወጥሮ ጠጉሩንና ስቡን ይፍቃል፣ ያደርቃል። ቁም ጸሐፊው በመቃ ብዕር ጽሑፉን በጥቁር ቀለም፣ ቅዱሳት ስሞችን ደግሞ በቀይ ይጽፋል። ይህ ሙያ የሚኖረው ሥራው ሲታዘዝ ነው።

በየሱቁ የሚሸጠው ብራና ሁሉ ግን እንዲህ የተሠራ አይደለም። ከጥንታዊ መጻሕፍት ቅጠል ገንጥለው፣ በጽሑፉ ላይ አዲስ ሥዕል ደርበው ለጎብኚ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች አሉ። ግእዝ የሚያነብ ሰው ይህን መለየት አይቸግረውም፤ በጀርባው ወይም በሥዕሉ ዙሪያ ያለው ንባብ ከመካከል የተጀመረና ከሥዕሉ ጋር የማይገናኝ ከሆነ፣ ያ ቅጠል ከአንድ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የተቀደደ ሊሆን ይችላል። «እኔ ብተወው ሌላው ይገዛዋል» የሚለው ምክንያት አያዋጣም፤ ቀዳጁን የሚያበረታው ገዢው ነው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።

የብራና መጽሐፍ የሚሻ ምእመን ከቁም ጸሐፊው ዘንድ አዲስ ዳዊት ወይም መልክእ ይዘዝ። ዳዊት ተጽፎ፣ ተደጉሶ፣ ማኅደር ተሠርቶለት እስኪያልቅ ወራት ስለሚወስድ ቀብዱን ከፍሎ፣ የሚረከብለትንም ሰው ነግሮ መመለስ ያስፈልጋል።