በስሪ ላንካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሰው ያልበዛበት ሞገድ እንዴት ይገኛል?

ስሪ ላንካ ውስጥ ለሰርፊንግ የሚሆን ሞገድ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ የሚለዋወጠው ዳርቻው ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ሰርፈሮች የሚሰባሰቡት በደቡብ ምዕራቡ ዳርቻ፣ በሂካዱዋና በዌሊጋማ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም የደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን እዚያ ያለውን ባሕር ያናውጠዋል። ያው ነፋስ በምሥራቅ በኩል ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ የሞገዱን ፊት ያለሰልሰዋል፤ ከደቡብ ውቅያኖስ የሚነሣው ሞገድም በዚሁ ወቅት ይበረታል።

በእነዚህ ወራት ብዙው ሰው የሚያርፈው በምሥራቁ ዳርቻ ባለው መንደር፣ በአሩጋም ቤይ ነው። ከ1983 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት አካባቢውን ከጎብኚ አርቆት ቆይቷል፤ የ2004ቱ ሱናሚም መንደሩን ክፉኛ ጎድቶታል። ሰላም ከወረደ በኋላ ዝናው ገነነ፤ ሜይን ፖይንት የተባለው ዋና ሞገዱም በሰው ተጨናነቀ።

ጥሩ ሞገድ ግን በሜይን ፖይንት ብቻ አይወሰንም። የብስ ወደ ባሕር ሹል ሆኖ በገባበት ቦታ፣ ከደቡብ የመጣ ሞገድ ጫፉን ዞሮ ይታጠፍና ከአንድ ጎን ጀምሮ በተራ ይሰበራል። ሰርፈሩን ረጅም ርቀት የሚወስደው ይህ ዓይነቱ ሞገድ ነው። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው በሳተላይት ካርታ ላይ እንዲህ ያሉ ጫፎችን በመለየት ነው። ከአሩጋም ቤይ በስተደቡብ ፒነት ፋርም፣ ራቅ ብሎም በኩማና ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ኦካንዳ አሉ፤ በስተሰሜን ዊስኪ ፖይንትና ፖቱቪል ፖይንት ይገኛሉ። ባሕሩ ረገብ ባለ ቀን ለሞገዱ ይበልጥ የተጋለጠውን ደቡቡን፣ በበረታ ቀን ደግሞ ሰሜኑን ማየት ይበጃል።

ሰዓትም እንደ ቦታው ወሳኝ ነው። ማለዳ ነፋሱ ቀላል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከባሕር በኩል የሚነፍሰው በርትቶ ውኃውን ያሻክረዋል። ሐምሌና ነሐሴ ጎብኚ የሚበዛባቸው ወራት ስለሆኑ፣ በወቅቱ መግቢያና መውጫ፣ በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በመስከረም መጨረሻ የሄደ ሰው ሰፋ ያለ ቦታ ያገኛል።

ርቀው ያሉት ዳርቻዎች ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ወደ ኦካንዳ የሚወስደው መንገድ ዝሆኖች የሚመላለሱበት ስለሆነ በጨለማ በባጃጅ መጓዝ አደገኛ ነው። በባሕሩ አጠገብ ባሉት ሐይቆች አዞ አለ። ሞገዱ በአንዳንድ ቦታ የሚሰበረው በአለት ላይ በመሆኑና ሕክምና ቅርብ ስላልሆነ ብቻን መግባት አይገባም። ዓሣ አጥማጆች ጀልባና መረብ የሚያወጡበትን ቦታ ነጻ መተው፣ በቡድን ግር ብሎ አለመሄድና በውኃው ላይ ተራ መጠበቅ የነዋሪውንም የእንግዳውንም ሰላም ይጠብቃል።