«ሁለቴ ፍሪሲዮን»፦ ከውድድር መኪና እስከ ጣርማ በር ቁልቁለት

በአሮጌ የጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሮ የሄደ ሰው የሹፌሩን እግር ሳያስተውል አይቀርም። ማርሽ በቀየረ ቁጥር ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ይረግጣል፤ በመሀሉም ነዳጅ ሰጥቶ ሞተሩን ያስጮኸዋል። ለማያውቅ ሰው ጉራ ይመስላል። ይሁንና ያለዚያ ማርሹ አይገባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካምቢዮ ውስጥ እርስ በርስ የሚነካከሱ የብረት ጥርሶች አሉ። አንደኛው ወገን ከሞተሩ፣ ሌላው ከጎማዎቹ ጋር ተያይዞ ይዞራል። የሁለቱ ፍጥነት ካልተመጣጠነ ጥርሶቹ ይንገጫገጫሉ እንጂ አይገጥሙም። በዛሬ መኪኖች ይህን የሚያመጣጥነው ሲንክሮናይዘር ነው። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 ለገበያ ያቀረበው ይህ ዘዴ እስኪስፋፋ ድረስ ግን ሥራው የሹፌሩ ነበር።

በምሳሌ እንየው። መኪናው በ4ኛ ማርሽ ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 1000 ጊዜ ይዞራል፤ በዚያው ፍጥነት በ3ኛ ለመሄድ 1500 ያስፈልገዋል እንበል። ሹፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ዜሮ ላይ ያደርጋል። ፍሪሲዮኑን ለቆ ነዳጅ በመስጠት ሞተሩን 1500 ያደርሰዋል። ከዚያ እንደገና ረግጦ 3ኛን ያስገባል። ከ3ኛ ወደ 4ኛ ሲቀይር ደግሞ ነዳጅ አይሰጥም፤ ዙሩ እስኪወርድ ይጠብቃል። ጣሊያኖች ይህን «ዶፒዬታ» ይሉታል።

እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1957 በጣሊያን ይካሄድ በነበረው የሚሌ ሚሊያ ውድድር የተሳተፉትን ዓይነት መኪኖች ዛሬ በመታሰቢያ ጉዞ የሚነዱ ሰዎችም ይህን መልመድ አለባቸው። ፈጣኑ ተወዳዳሪ በቀኝ እግሩ ጣቶች ፍሬን ይዞ፣ በዚያው እግር ተረከዝ ነዳጅ ይሰጣል። እሱ ቢሳሳት የሚያጣው ጥቂት ሰከንድ ወይም የካምቢዮ ጥርስ ነው።

ከሰላ ድንጋይ ብዙም በማይርቀው ጣርማ በር ላይ ግን ስህተቱ ሕይወት ያስከፍላል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ዋሻ የፈለፈለበት ይህ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገቱን በአጭር ማርሽ ያቃስታል። እንደ ፊያት 682 ኤን 3 ያለ አሮጌ መኪና የጫነ ሹፌር ማርሹ እምቢ ካለው፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ይዘላል።

ቁልቁለቱ ይብሳል። መንገዱ በደብረ ሲና በኩል እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ከ1500 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሹፌሩ መሀል ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሳለሁ ብሎ ዜሮ ላይ ከቀረ መኪናው ይፈጥናል። በፈጠነ ቁጥር ሞተሩ ሊደርስበት የሚገባው ዙር ይጨምራል፤ ከአቅሙ ካለፈ ማርሹ ፈጽሞ አይገባም። የሚቀረው ፍሬን ብቻ ነው፤ እሱም ሲግል መያዝ ያቆማል። ስለዚህ ማርሽ የሚመረጠው ገና ከአናቱ ላይ ነው። ደንቡም፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ።

ሲንክሮናይዘር ያላት የቤት መኪና የምንነዳ ሰዎች ሁለቴ መርገጥ አይጠበቅብንም። ደንቡ ግን እኛንም ይመለከታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ቁልቁለት መውረድ ትርፉ አደጋ ነው። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩት ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው ሲንደረደሩ ነዳጅ ይዘጋሉ፤ በዜሮ ሲሄዱ ግን እንዳይጠፉ ሲሉ ያቃጥላሉ። አውቶማቲክ ከሆነም መምረጫውን ወደ አጭር ማርሽ ማውረድ ነው። የቀድሞ ሹፌሮች በጆሯቸውና በእግራቸው ያወቁትን እኛ ቢያንስ በእጃችን እንተግብረው።