መሸኛ የሌላቸው

የወሎዋ ኮምቦልቻ ዛሬ ስንት ሰው እንደሚኖርባት ቆጥሮ የሚያውቅ የለም። በ1987ቱ ቆጠራ ነዋሪዋ 39 ሺህ ያህል ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ከ58 ሺህ በለጠ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ እየተራዘመ ቀርቷል። ሰዉ ግን ቆጣሪ አልጠበቀም።

ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. የከተማዋ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ሼዱ ተሠራ፣ የሠራተኛው መኝታ ግን ለአከራይ ተተወ። ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ፍራሹ ቀን ግድግዳ ተደግፎ ይውላል፣ ቢጫ ጄሪካኖች ደጃፍ ላይ ይደረደራሉ። ጥቅምት 2014 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ድረስ ዘለቀ፤ በታኅሣሥ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ ከአጎዋ አስወጣች። ሥራ ሲጠፋ ዐረብ አገር አለ። ለወሎ ልጅ ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ አንዳንዴም አንደኛ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላው መጤ ነው፤ ከወለጋ የመጣው። በ77ቱ ድርቅ ደርግ 600 ሺህ ያህል ሰው በውዴታም በግዴታም በአውቶቡስና በአንቶኖቭ ጭኖ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ሌላም ቦታ አሰፈረ። አብዛኛው የወሎ ሰው ነበር። እዚያ ቡና ተከሉ፣ በቆሎ ዘሩ፣ ወልደው ከበዱ። ሰኔ 2014 ወለጋ ውስጥ ቶሌ ላይ በጭፍጨፋ ያለቁት ሰዎች በብዛት የእነዚሁ ሰፋሪዎች ዘር ናቸው። የተረፈው ወደ አያቶቹ አገር ሸሸ፤ ሐይቅ አጠገብ ቱርክ ካምፕ የገባ አለ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ዘመድ ፍለጋ የወረደም አለ።

ዘመድ አድራሻ አይሰጥም። የቀበሌ መታወቂያ የሚፈልግ መጀመሪያ ከነበረበት ቀበሌ መሸኛ ያምጣ ይባላል። ጽሕፈት ቤቱ ከተቃጠለበት፣ ሊቀ መንበሩም ከሸሸበት ቀበሌ መሸኛ ማን ይጽፋል? መታወቂያ ከሌለ ደግሞ ሲም ካርድ ማውጣትም ባንክ ደብተር መክፈትም ጣጣ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ተፈናቃዮችን ወደ ወለጋ የመመለስ ሥራ ተጀመረ። ከተመለሱት ውስጥ ዳግም ጥለው የመጡ አሉ። እንደ እኔ ከሆነ ቀበሌው መሸኛውን ትቶ አብረው የተሰደዱ ጎረቤቶችን ምስክርነት ቢቀበል ይበቃል። መንግሥት በ77 ቤተሰቦቻቸውን ሲያሰፍር መሸኛ አልጠየቃቸውም።