ቅጽልን ስለ ማስተማር፤ ተረትና እውነታ

ተረት፦ «ቅጽል የሚታወቀው ትርጓሜውን በቃል በማጥናት ነው፤ ጨዋታ ጊዜ ማባከን ነው።»

እውነታ፦ «ቅጽል ከስም በፊት እየገባ ስምን የሚገልጽ ቃል ነው» የሚለውን አንዲት ፊደል ሳያጎድል የሚያነበንብ ሕፃን፣ ስለ ድመቱ ጻፍ በተባለ ጊዜ ከ«ጥሩ»ና ከ«ቆንጆ» ሌላ የሚጽፈው አጥቶ እርሳሱን ሲያኝክ የተመለከተ ሰው፣ ይህ እምነት ስንቱን ልቡና እንዳደረቀ ይገነዘባል። የተጠናውም ትርጓሜ ራሱ ምሉዕ አይደለም፤ «ውሻው ጥቁር ነው» ስንል ቅጽሉ ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ «የእንጨት በር» ስንል ደግሞ ቀድሞ የሚገልጸው «እንጨት» ራሱ ስም ነው።

በቃል ማጥናት ከንቱ ነው አልልም፤ ንባብና ዜማ ጸንተው ለትውልድ የተላለፉት በእርሱ ነው። ነገር ግን የአባቶችን ሥርዓት ምስክር እየጠሩ ጨዋታን የሚነቅፉ ሰዎች ቅኔ ቤትን ስለ ምን ይዘነጉታል? በዚያ ደቀ መዝሙሩ ግሥና እርባታ እያጠና፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማልም፤ ሰዋስውና ድርሰት በዚያ ጉባኤ ተለያይተው አያውቁም።

ለሕፃናትም መንገዱ ቅርብ ነው። መምህሩ አምስት ሎሚ ጠረጴዛ ላይ ያኑር፤ እያንዳንዱ ልጅ አንዱን በልቡ መርጦ፣ ጓደኛው አንብቦ ያንኑ ለይቶ እንዲያነሣው አድርጎ ይጻፍ። «ቢጫ» ብሎ የጻፈ፣ ሁሉም ቢጫ ስለ ሆኑ አይሳካለትም፤ ስለዚህ ተመልሶ ይዳስሳል፣ ያሸታል፣ «ሻካራ»፣ «ሞላላ»፣ «ሾጣጣ» የሚሉትን ቃላት ፈልጎ ያመጣል። በማግሥቱ ስሙን ሳይጠሩ ባሕርዩን ብቻ የሚገልጹበት እንቆቅልሽ ይጻፉ፤ ያልፈታውም እንደ ወጉ አገር ይስጥ። ትርጓሜው ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ ልጁ አስቀድሞ የሠራበትን ነገር ስሙን ይማራልና።

ተረት፦ «ቅጽል በበዛ ቁጥር ጽሑፍ ያምራል።»

እውነታ፦ «ትልቅ፣ ግዙፍና ሰፊ ዋርካ» ከማለት «ግዙፍ ዋርካ» ይበቃል።

ተረት፦ «የገጠር ልጅ ቃል ያጥረዋል።»

እውነታ፦ ከብት የጠበቀ ልጅ ቡላውን ከዳማው፣ ቦራውን ከዳልቻው ለይቶ ይጠራል። ይህን የሚናገሩ ሰዎች የሚያውቀውን ጠይቀውት አያውቁም። መምህሩ የመጀመሪያውን ድርሰት ስለ ላሞቹ ያስጽፈው።