የተሸጠ ዕቃ ተመልሶ ሲጠራ

በሬ ሲሸጥ ዋስ ይጠራል። ገዥው ጥርሱን አይቶ፣ ጫንቃውን ዳብሶ፣ ወዲያና ወዲህ አስነድቶ ካየ በኋላም ቢሆን «ዋስህ ማነው?» ሳይል ገንዘቡን አይፈታም። ምክንያቱም በሬው የሰው ሆኖ ቢገኝ ወይም የተደበቀ ነውር ቢወጣበት የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ገዥው በሬውን ነድቶ ከሄደ ከወር በኋላ ሻጩ ራሱ እያፈላለገ መጥቶ «የሸጥሁልህ በሬ ነውር አለበት፤ ሳላውቅ ነው። በሬውን መልስልኝ፣ ገንዘብህን እንካ» ቢለው ምን ይባላል? በከብት ገበያ ይህ ብዙ አይታይም። በፋብሪካ ዕቃ ግን አለ። አንድ ፋብሪካ የሸጠው ዕቃ አደጋ የሚያመጣ መሆኑን ሲደርስበት ገዥዎቹን ሁሉ «መልሱልኝ» ብሎ ይጠራል። እንደዚህ ተጠርተው ከተመለሱት ዕቃዎች አንዱ ሞባይል ነበር።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የቅርብ ነገር ነው። ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ማንበብ ከሚማሩት አባቶች አንዱ፣ አንድ ቀን ሞባይላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። ጀርባው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ክዳኑ አልገጥም ስላለ ዙሪያውን በጎማ አስረውታል።

«አባ፣ ይህ ስልክ አብጧል እኮ» አልኋቸው።

«ከጥር ጀምሮ ነው። በጎማ ሳስረው ይሠራል» አሉኝ።

«ሌሊት የት ያስቀምጡታል?»

«የት አስቀምጠዋለሁ ልጄ! ትራሴ ሥር ነዋ። ሌባ አለ።»

የሸጠላቸውን ሰው ጠየቅኋቸው። ገበያ ላይ በጃንጥላ ሥር የቆመ ልጅ ነው አሉ። ደረሰኝ የለም፤ ካርቶኑንም ልጆች ተጫውተውበት ጠፍቷል።

የሬዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይ ሁላችንም እናውቃለን። ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጥርስ ይነከሳል፣ ትንሽ ጊዜ ደግሞ ይሠራል። የሞባይል ባትሪ የዚህ ዘመድ ቢሆንም ጠባዩ ሌላ ነው። በጥርስ የነከሰው ሰው ከንፈሩን ሊያጣ ይችላል። ውስጡ እንደ ወረቀት የሳሱ ሁለት ዓይነት ቅጠሎች አሉ። በመካከላቸው ከሁለቱም የሳሳ መጋረጃ ገብቶ አብረው ተጠቅልለዋል። በእሳት ቶሎ የሚያያዝ ፈሳሽም አርሷቸዋል። በቅጠሎቹ መካከል እየተመላለሰ ኃይሉን የሚሸከመው ሊቲየም የሚባል ማዕድን ነው። መጋረጃው ደህና እስከ ሆነ ድረስ ሰላም ነው። ቢበሳ ወይም ባትሪው ቢጨፈለቅ ግን ሁለቱ ቅጠሎች ይነካካሉ። ያን ጊዜ የተጠራቀመው ኃይል በአንድ ቦታ ይፈስና ሙቀት ይሆናል። ባትሪው ይጨሳል፣ ይነዳል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። ማበጥ ደግሞ ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ ጋዝ መሆን እንደ ጀመረ የሚያሳይ ምልክት ነው። በጎማ ማሰር ጋዙን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ይጨፈልቀዋል።

እንግዲህ ወደ ተጠራው ስልክ እንምጣ። ሠሪው የደቡብ ኮሪያው ሳምሰንግ ነው። ይህች አገር ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. የዘመተላት ኮሪያ ናት፤ ዛሬ በዓለም ከታወቁት ሞባይል ሠሪዎች አንዱ የእርሷ ነው። ነሐሴ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. ጋላክሲ ኖት 7 የተባለ ውድ ስልክ ለገበያ አወጣ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የገዥዎች አቤቱታ ይመጣ ጀመር። አንዱ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ሲተኛ በጭስ ይነቃል፤ ሌላው ጠረጴዛው ተቃጥሎ ያገኛል። ሠላሳ አምስት እንደዚህ ያለ አቤቱታ ከደረሰው በኋላ፣ ነሐሴ 27 ቀን ፋብሪካው ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ስልኮችን እንደሚለውጥ አስታወቀ። ከሚሊዮኖች ውስጥ ሠላሳ አምስት ትንሽ ይመስላል። የትኛው ቤት በሌሊት እንደሚጨስ አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ ግን ሁሉም ተጠሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የባሰ ነው። ገዥዎች አሮጌውን መልሰው አዲስ ተቀበሉ፤ «ይህኛው ደህና ነው» ተባሉ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሉዊቪል በምትባል የአሜሪካ ከተማ አንድ ሰው ለመነሣት በተዘጋጀ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ አጥፍቶ ኪሱ የከተተው ስልክ ይጨስ ጀመር። ይህ ስልክ በለውጥ የተሰጠው አዲሱ ነበር። 75 ሰዎች ከአውሮፕላኑ እንዲወርዱ ተደረገ፤ የተጎዳ ሰው አልነበረም። በዚያን ሰሞን በአሜሪካ ብቻ የባትሪ መጋል አቤቱታ 96 ደርሶ ነበር፤ 13ቱ ሰው የተቃጠለባቸው፣ 47ቱ ንብረት የጠፋባቸው ናቸው። ጥቅምት 1 ቀን ፋብሪካው ስልኩን መሥራት ጨርሶ አቆመ።

ምን ነበር ስሕተቱ? ፋብሪካው 200,000 ስልኮችና ከ30,000 በላይ ባትሪዎች መርምሮ ጥር 15 ቀን 2009 ዓ.ም. ውጤቱን ተናገረ። ባትሪዎቹ የመጡት ከሁለት ሠሪዎች ነው። የአንደኛው ማቀፊያ ጠቦ ጥግ ላይ ያለውን ቅጠል አጣጥፎታል። በሁለተኛው ደግሞ ብየዳው እንደ እሾህ ሹል ነገር ትቶ መጋረጃውን ወጋው። ሁለት ልዩ ልዩ ጥፋት፣ አንድ ዓይነት እሳት። የመጀመሪያውን ጥፋት አግኝተው ሁለተኛውን ሳይፈልጉ መቸኮላቸው እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገርመኛል።

ስልኩን ለመመለስም ችግር ነበር። በአውሮፕላን እንዳይጫን ስለተከለከለ፣ እሳት የሚከላከል ሳጥንና ጓንት ለገዥዎች ተልኮ በየብስ ብቻ ተመለሰ። አንዳንዱ ገዥ ስልኩን ስለወደደው አልመልስም አለ። በታኅሣሥ ወር በአሜሪካ ላልመለሱት ስልኩ ቻርጅ እንዳይቀበል ከሩቅ መልእክት ተልኮ ተዘጋ። በመጨረሻ ከተሸጡት ወደ 3 ሚሊዮን ስልኮች ከመቶ 96ቱ ተመለሱ።

የእኛም አገር ንብረት ከዚህ ዓይነት እሳት አላመለጠም። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ንግሥተ ሳባ የተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 አውሮፕላን ለንደን ሂትሮው ቆሞ ሳለ ከጭራው አጠገብ ጣሪያው ጨሰ። ውስጡ ሰው አልነበረም። የእንግሊዝ መርማሪዎች እንዳገኙት፣ አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም አነስተኛ መሣሪያ የባትሪው ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር። በሌሎች አውሮፕላኖች ላይ ያሉት ተመሳሳይ መሣሪያዎችም እንዲመረመሩ ታዘዘ። ንግሥተ ሳባ ታድሳ ተመልሳ በረረች።

ታዲያ ከመቶ 96ቱ ስልኮች እንዴት ሊገኙ ቻሉ? ብዙው ገዥ የገዛው ስሙ ተጽፎ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ ነው። ስልኩም የራሱ ቁጥር አለው። በሞባይል ላይ *#06# ቢጫኑ፣ ማለትም ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ፣ ስድስት፣ መሰላል ቢሉ፣ 15 አኃዝ ይወጣል። ይህ ቁጥር ለስልኩ እንደ በሬ ጆሮ ምልክት ነው። ፋብሪካው የተበላሹትን የሚለየው በእርሱ ነው። በጃንጥላ ሥር ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው ግን ቢጠራም አይሰማም፤ ጠሪው አያውቀውምና። በአገራችን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ አዟል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰውም በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንዲችል ደንግጓል። አሥራ አምስቱ ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር የሚያሳየው ደግሞ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቀን ነው።

ያበጠ ባትሪ ያለው ሰው ቻርጅ ማድረጉን ያቁም። አይብሳው፣ አይጫነው፣ እሳት ውስጥ አይጣለው፤ ከሣር ክዳንና ከጭድ አርቆ ውጭ ባዶ መሬት ላይ ያኑረው። ደህናውም ቢሆን ከትራስ ሥር አይደር። ስልክ ሲጨስ በእጅ አይነሣም፣ ጭሱም መርዝ ነው። ቻርጅ ላይ ከሆነ፣ እጅ ሳይደርስበት መንቀል ከተቻለ ይነቀላል። ከዚያ በኋላ ውሃ ማፍሰስ ነው። ብዙ ሰው ውሃ ያባብሰዋል ይላል፤ የአውሮፕላን አስተናጋጆች ግን ነበልባሉን አጥፍተው ባትሪው እንዲበርድ ውሃ እንዲያፈሱበት ይማራሉ።

እኒያ አባት ጎማውን ፈትተው ባትሪውን አወጡና ከግቢው ዳር አሸዋ በያዘ ጣሳ ውስጥ አኖሩት። ቅዳሜ ማርቆስ ወርደው ከሱቅ ሌላ ገዙ። ደረሰኝ ሲጠይቁ ባለሱቁ «ለባትሪ ደግሞ ምን ደረሰኝ አለ አባ?» ብሎ ሳቀ። እርሳቸውም ባንኮኒው ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው ቆሙ። ሌላ ገዥ መጣ፣ ሄደ፤ እርሳቸው ቆሙ። በመጨረሻ ጻፈላቸው። ስማቸው አንድ ፊደል ተገድፎ ነበርና አሳርመው ተቀበሉ። ወረቀቱ አሁን ከመሬት ደብተራቸው ጋር ተጣጥፎ ተቀምጧል።