ከግራፊክስ ካርዱ በፊት ፓወር ሰፕላዩን ይመልከቱ

ጌም ለመጫወት ወይም ቪዲዮ ለማቀናበር ግራፊክስ ካርድ ፍለጋ የወጣ ሰው ጥያቄው ሁሉ ስለ ካርዱ ነው፤ ስንት ጊጋ ነው? የትኛውን ጌም ይከፍታል? ዋጋውስ? ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ የሚታወሰው ኮምፒውተሩ በጌሙ መሀል ድርግም ብሎ ሲጠፋ ነው። ኪሱ ውስን የሆነ ሰው ግን ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ።

ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ይለውጣል። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም አብዛኛውን ኃይል የሚወስዱት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ጎልቶ የተጻፈው «500 ዋት» ብቻውን አያስተማምንም። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ያንብቡና በ12 ቮልት ሥር ያለውን አምፔር በ12 ያባዙት። 25 አምፔር ከሆነ 300 ዋት፣ 38 ከሆነ 456 ዋት ይሆናል፤ ሁለቱም ግን «500 ዋት» ተብለው ሊሸጡ ይችላሉ። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም የሚናገረው ኤሌክትሪክ ስለ ማባከንና አለማባከን ነው፤ ዕቃው ለጠንካራነቱ ዋስትና አገኘ ማለት አይደለም።

ከቢሮ ወጥቶ በርካሽ የሚሸጠውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 እንውሰድ። ትልቁ ኬዝ ባለ 275 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለው። ኮር አይ5 3470 ፕሮሰሰሩ 77 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ መሰኪያ ደግሞ ያለ ተጨማሪ ገመድ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። በዚህ ልክ የተሠሩ ካርዶች አሉ፤ በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650፣ ሁለቱም ባለ 4 ጊጋ። ለእንዲህ ያለ ማሽን ምርጫዬ 1650 ነው፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ባለ 6 ፒን ገመድ ስለሚጠይቁ ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ኬዙ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ አጭር ቁመት ያለው ካርድ ካልሆነ አይገባም።

53 ዋት ብቻ የሚበላው አርኤክስ 6400 ያጓጓል። ሆኖም ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ በአሮጌ ማሽን ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ቪዲዮ ኢንኮድ የሚያደርግ ክፍልም የለውም። ሠርግና ማስታወቂያ እየቀረጸ ለሚያቀናብር ወጣት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከዚህ ከፍ ማለት የፈለገ ለፓወር ሰፕላዩም ገንዘብ ይመድብ። 8 ጊጋ ሜሞሪ ያለው አርኤክስ 6600 ወደ 132 ዋት ይወስዳል፤ ባለ 8 ፒን ገመድና ቢያንስ ባለ 450 ዋት ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል። ያገለገለው አርኤክስ 580 ርካሽ ቢሆንም 185 ዋት ይበላል። ከመግዛትዎ በፊት ማዘርቦርዱንም ይዩ፤ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ከተለመደው ባለ 24 ፒን ይልቅ የራሱን ባለ 8 ፒን ስለሚጠቀም ያለ አስማሚ ገመድ ሌላ ፓወር ሰፕላይ አይቀበልም።

የሃርድ ዲስክን የሳታ ገመድ ወደ ባለ 6 ፒን የምትቀይረውን ርካሽ ገመድ ግን አደራ፣ አይግዟት። የሳታው መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፤ ካርዱ በባለ 6 ፒኑ በኩል እስከ 75 ሊስብ ይችላል። ትርፉ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

ኮምፒውተሩን ከአሜሪካ ዘመድ ልኮልዎት ከሆነ ደግሞ ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት ከኋላው ትንሽ ቀይ ማብሪያ መኖሩን ያረጋግጡ። ካለና 115 ላይ ከሆነ ወደ 230 ይግፉት። እንዳለ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል።