የሐሙሱ ችሎት እና የቫሌንሲያ ገበታ

ብዙ የአማርኛ አንባቢ የቫሌንሲያን ስም የሚያውቀው ከሩጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ለተሰንበት ግደይ በዚህችው የስፔን ከተማ ግማሽ ማራቶንን በ1:02:52 ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች፤ በ2023 ደግሞ ሲሳይ ለማ ማራቶኑን በ2:01:48 አሸንፏል። የማራቶኑ ሯጮች የመጨረሻዎቹን ሜትሮች የሚሮጡት በውሃ ላይ በተዘረጋ ሰማያዊ ድልድይ ላይ ነው። በዙሪያው አርክቴክቱ ሳንቲያጎ ካላትራቫ የነደፋቸው ነጫጭ ሕንፃዎች ቆመዋል። በቴሌቪዥን የተመለከተው ሰው ግን ያ ሁሉ የተሠራው ወንዝ በነበረበት ቦታ መሆኑን አይገምትም። ከወዳጁ ጋር ሁለት ሦስት ቀን ሊቆይ ወደዚያ ለሚሄድ መንገደኛ ዘወትር የሚሰጠው ምክርም ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋል፦ ጠዋት ሕንፃ ማየት፣ ምሳ ላይ ፓኤያ መብላት። እኔ ይህን ክፍፍል አልቀበለውም። የከተማዋ ምግብም ሆነ የሚጎበኘው ነገር ከአንድ ምንጭ የወጣ ነው፤ እሱም ውሃን የመካፈል ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት በዓይን ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ሙዚየም ወይም ሬስቶራንት ሳይሆን ሐሙስ ሐሙስ በአደባባይ የሚያስችል አንድ ፍርድ ቤት ነው።

የቫሌንሲያ የውሃ ፍርድ ቤት ይባላል። የካቴድራሉ ግንብ፣ ሚካሌት፣ የእኩለ ቀኑን ደወል ሲደውል ጥቁር ሰፊ ሸሚዝ የደረቡ ሰዎች የሐዋርያት በር በሚባለው መግቢያ ፊት፣ ክብ የብረት አጥር ውስጥ፣ በእንጨትና በቆዳ ወንበሮች ላይ ይቀመጣሉ። እነዚህ ዳኞች በሕግ ትምህርት የተመረቁ ሳይሆኑ ከቱሪያ ወንዝ የተጠለፉት ስምንት ዋና ቦዮች ተጠቃሚዎች ከመካከላቸው የመረጧቸው ገበሬዎች ናቸው። በአገራችን የመስኖ ቀበሌዎች «የውሃ አባት» የሚባለውን ሽማግሌ ለሚያውቅ አንባቢ ሹመቱ እንግዳ አይሆንበትም። ናስ የተገጠመለት ረጅም ዘንግ የያዘ የችሎት አስከባሪ ከኳርት ቦይ ጀምሮ የስምንቱንም ተከሳሾች በየተራ ይጣራል። ክሶቹ የእርሻ ክሶች ናቸው፦ ከተራ ውጪ ውሃ መጥለፍ፣ በግዴለሽነት የጎረቤትን ማሳ ማጥለቅለቅ፣ የድርሻን ቦይ ሳይጠርጉ መተው። ሁሉም ነገር በቃል፣ በቫሌንሲያ ቋንቋ ይካሄዳል። ሰብሳቢው ማን እንደሚናገር የሚያመለክተው በእግሩ ጫፍ ነው። የተከሳሹ ቦይ ተወካይ በፍርዱ አይገባም፤ ተከሳሹ ከወንዙ ቀኝ ዳርቻ ከሆነ የፍርዱን ሐሳብ የሚያቀርቡት የግራ ዳርቻ ሰዎች ናቸው። ውሳኔው እዚያው ይነገራል፣ ይግባኝም የለውም። የአገሬው ትውፊት ሥርዓቱን እስከ 960 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች በዓመቱ ይከራከራሉ። እርግጡ ነገር በ1238 ከተማዋን የያዘው ቀዳማዊ ንጉሥ ኻይሜ ውሃው ከእሱ በፊት በነበሩት ሙስሊም ገዢዎች ዘመን እንደነበረው እንዲከፋፈል ማዘዙ ነው። የስፔን መንግሥት በ1985 የፍርድ ቤቶች ሕግ ዕውቅና ሰጥቶታል፣ ዩኔስኮም በ2009 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

የክፍፍሉ ስሌት ከሥነ ሥርዓቱ ይበልጥ ሊደነቅ የሚገባው ነው። አንድ ቦይ ያለው መብት ይህን ያህል ሊትር ተብሎ የተቆረጠ አይደለም፤ በዕለቱ ከሚፈሰው ወንዝ የሚደርሰው ድርሻ ነው። ወንዙ በግማሽ ሲቀንስ የሁሉም ውሃ በግማሽ ይቀንሳል፣ ሲሞላም ለሁሉም ይሞላል። ቦዩ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ቫሌንሲያውያን «ምላስ» የሚሉት ሾጣጣ የድንጋይ መክፈያ መሐል ላይ ተተክሏል። ውሃው ግንባሩን ይመታና ወደ ግራና ቀኝ ይሰነጠቃል፤ ድርሻውን የሚወስነው የድንጋዩ አቀማመጥ ስለሆነ በድርቅም በጎርፍም ምጣኔው አይዛባም። በዚህ መንገድ የሚጠጣው የከተማዋ ዙሪያ መሬት «ኦርታ» ይባላል፤ ቲማቲሙ፣ ፎሶልያው፣ ሽንኩርቱ፣ አርቲቾኩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን በአልቦራያ ከቄጠማ ወገን የሆነች አንዲት ተክል ትበቅላለች፤ ቹፋ የሚሏት የሥሯ ፍሬ ተነክራ፣ ተፈጭታና ተጨምቃ ኦርቻታ የተባለውን ነጭ ቀዝቃዛ መጠጥ ትሰጣለች። ከረዥም ለስላሳ ዳቦ ጋር የሚቀርብ፣ ወተት ያልነካው መጠጥ ስለሆነ ለጿሚም ይመቻል፤ ዳቦው ግን የፍስክ ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ ይበጃል። ቦይን የሚጠሩበት «አሴኪያ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ «አሮስ» የሚሉት ሩዝም እንዲሁ። የእኛ «ሩዝ» የዚያው የዐረብኛ ቃል ወንድም ነው።

ፓኤያ በመጀመሪያ የመጥበሻው ስም ነው፤ ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ሁለት እጀታ ያለው ብረት። የቫሌንሲያ ገበሬ ፓኤያ ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ጠፍጣፋ ፎሶልያ፣ ጋሮፎ የሚባል ትልቅ ነጭ አደንጓሬ፣ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይት፣ ሳፍሮን፣ አንዳንዴም ቀንድ አውጣና የጥብስ ቅጠል ይገባበታል። ጥንቸልና ቀንድ አውጣ የማይበላ አንባቢ የአትክልቱን ፓኤያ ቢያዝ ምንም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ኦርታውን ይበልጥ የሚቀምሰው ያኔ ነው። የድሮ ባለሙያ ውሃውን በኩባያ አይለካም፤ የእጀታዎቹ ሚስማሮች እስኪደርስ ይሞላዋል። ሩዙ ከገባ በኋላ አይማሰልም። በብርቱካን እንጨት የነደደው እሳት መጀመሪያ ይበረታል፣ ኋላ ይለዝባል። ውሃው ተመጥጦ ሲያልቅ ከሥር መንጣጣት ይሰማል፤ አብሳዩ ጆሮውን ወደዚያ ድምፅ ያዘነብላል፣ ምክንያቱም ሶካራት የሚባለው የሥሩ ቅርፊት ሊያርርም ሊጣፍጥም የቀረው ትንፋሽ ያህል ነው። ብዙ ሬስቶራንት ፓኤያን ከሁለት ሰው በታች አያበስልም፤ ወዳጅ ይዞ መሄድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በባሕሉ መጥበሻው መሐል ይቀመጥና እያንዳንዱ በማንኪያው ከጠርዙ ወደ መሐሉ ፊት ለፊቱን ብቻ ይበላል። ከአንድ ትሪ የሚበላ ሕዝብ ይህን ያለ አስረጂ ያውቀዋል፤ ወደ ሌላው ፊት እጅ አይዘረጋም። መጥበሻው ቢሰፋ የሁሉም ድርሻ ይሰፋል፣ ቢጠብም ለሁሉም ይጠባል። ገበታውና ቦዩ አንድ ሕግ አላቸው የምለው በዚህ ነው።

የከተማዋን ዕይታዎችም ከዚህ ተነጥለው አላያቸውም። ከችሎቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ባለው ፏፏቴ አንድ የተጋደመ ወንድ ሐውልት አለ፤ ቱሪያ ነው። የከበቡት ስምንት ሴቶች ስምንቱ ቦዮች ናቸው። የቫሌንሲያ እግር ኳስ ክለብ ስታዲየም፣ ሜስታያ፣ ስሙን ያገኘው ከአንዱ ቦይ ነው። በ1928 የተመረቀው የብረትና የመስተዋት ማዕከላዊ ገበያ የኦርታው መደርደሪያ ነው፤ ፊት ለፊቱ የቆመው የ15ኛው ክፍለ ዘመን የሐር ንግድ አዳራሽም ሐሩን ያገኝ የነበረው መስኖ ያጠጣውን የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ከሚመገቡ ትሎች ነበር። በጥቅምት 1957 ቱሪያ ሞልቶ ከ80 በላይ ሰው ሲገድል መንግሥት ወንዙን ወደ ደቡብ አዞረው። በደረቀው መውረጃ አውራ ጎዳና ሊዘረጋበት ነበር፤ ነዋሪው አረንጓዴ ይሁንልን ብሎ ታገለና ዛሬ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል። የካላትራቫ ሕንፃዎች የቆሙት በዚህ መናፈሻ ጫፍ ነው። ይህን ስጽፍ ግን ጥቅምት 2024ን ልዘለው አልችልም። ወንዙ የዞረላት መሐል ከተማ በደረቅ ስታድር በደቡብ ያሉት ትናንሽ ከተሞች በፖዮ ሸለቆ በመጣ ደራሽ ውሃ ተመቱ፤ በአውራጃው ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። ውሃን መካፈል የሚያውቅ አገር ጎርፍንም አብሮ መመከት ነበረበት፤ በዚያች ሌሊት ይህ አልሆነም።

ችሎቱ ዛሬ ለቱሪስት የሚታይ ትርዒት ሆኗል የሚሉ አሉ። በብዙ ሐሙስ ተከሳሽ የለም፣ ጉባኤው በደቂቃዎች ውስጥ ይበተናል፣ ካሜራ የያዘው ከዳኞቹ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ችሎቱ ባዶ መዋሉ ሥራ ፈት መሆኑን አያሳይም። በመጪው ሐሙስ በአደባባይ በጎረቤቶቹ ፊት ስሙ ሊጠራ እንደሚችል የሚያውቅ ገበሬ ከቦይ ጠባቂው ጋር እዚያው ማሳው ላይ ይስማማል። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ተቃውሞ ነው፦ የፓኤያው ሩዝ በዋናነት የሚበቅለው ከከተማዋ ደቡብ በአልቡፌራ ሐይቅ ዙሪያ ነው፣ የዚያ ማሳ ብዙው ውሃም ከኹካር ወንዝ እንጂ ከነዚህ ስምንት ቦዮች አይደለም። ልክ ነው፤ ስለዚህ ችሎቱ ሩዙን ያጠጣዋል አልልም። የምለው አደንጓሬው፣ ፎሶልያውና ቲማቲሙ የኦርታው መሆናቸውን ነው፤ ሩዙም ቢሆን የሚበቅለው ውሃ በተራ በሚለቀቅበትና በጋራ በሚዘጋበት ማሳ ነው። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው ነው። ክስ ያነሰው ገበሬው ስለተስማማ ብቻ ሳይሆን መሬቱ በቤትና በመንገድ እየተበላ ስለመጣም ነው። በ2018 ኦርታውን የሚጠብቅ የክልል ሕግ ወጥቷል፣ በ2019 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የመስኖ ሥርዓቱን በዓለም የእርሻ ቅርስነት ተቀብሎታል፤ ማሳውን ማሳ አድርጎ የሚያቆየው ግን የሚያመርተውን የሚገዛው ሰው ነው። የኦርታው ገበሬዎች ያለ ደላላ ምርታቸውን ራሳቸው የመሸጥ «ቲራ ዴ ኮንታር» የሚባል የቆየ መብት አላቸው፤ ዛሬም በከተማዋ የጅምላ ገበያ የራሳቸው ስፍራ ተይዞላቸው በማለዳ ጎመናቸውንና አርቲቾካቸውን በሣጥን ደርድረው ይሸጣሉ።